አብሯችሁ የመጣው ሰው ታሞ ሲተኛ መሀል አዲስ አበባን እንዴት ታያላችሁ

አክስቴ የምትኖረው ጅቡቲ ነው፣ ከባሕሩ ዳር። በወጣትነቷ ከለገሀር ባቡር ተሳፍራ ከሄደች ወዲህ አዲስ አበባን አላየችም። እኔ ድሬዳዋ ነኝ። ድሬዳዋ ድረስ መጥታ ተቀበልኳት፣ ሁለት ቀን አረፈች፣ ከዚያ አብረን ወጣን። አምስት ቀን ነበር ያሰብነው። ማየት የምትፈልገውን ራሷ በወረቀት ጽፋ ይዛለች። ጊዮርጊስ፣ ለገሀር፣ ድንቅነሽ፣ መስቀል አደባባይ።

ፒያሳ አካባቢ ሆቴል ያዝን። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከአልጋ መነሣት አቃታት። ራሷን ይፈልጣታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ ማታ የበላችውን አስመለሳት። እኔ መጀመሪያ ወንበር ስቤ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እንደዚያ ሆኜ ግማሽ ቀን አለፈ። እሷ ልትተኛ ስትል እኔን እያየች ትጨነቃለች፣ እኔ እሷን እያየሁ እጨነቃለሁ። በመጨረሻ «ልጄ፣ ተነሥና ውጣ። እዚህ ተቀምጠህ ትንፋሼን ስትቆጥር እንቅልፍ አይወስደኝም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። በሽተኛ ጥሎ መውጣት ነውር ይመስላል፣ እኔም እንደዚያ ብዬ ነው ያደግሁት። ግን ልክ ተደርጎ ከተወጣ ለታመመውም ይጠቅማል። ልክ የሚባለው ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ አጭር ወጥቶ በተባለው ሰዓት መመለስ። ከታች የጻፍኩት ሁሉ እሱን እንዴት እንደምታደርጉ ነው።

1. መጀመሪያ ሕመሙን ለዩ

ሳትለዩ አትውጡ። ሐኪም ሁኑ ማለቴ አይደለም። ብቻውን ሊተኛ የሚችል ሰው ነው ወይስ አሁኑኑ ሐኪም ማየት ያለበት? ይህን ብቻ ለዩ።

ከባሕር ዳርቻ ወይም ከቆላ የመጣ ሰው ከሆነ መጀመሪያ ከፍታውን ጠርጥሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ድሬዳዋ 1,200 አካባቢ ናት። ጅቡቲ ከባሕሩ ጋር እኩል ናት ማለት ይቻላል። ከዚያ ተነሥቶ በአንድ ቀን እዚህ የሚደርስ ሰው አየሩ ይሳሳበታል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ መቆራረጥ። ብዙውን ጊዜ በደረሱበት ቀን ወይም በማግስቱ ይጀምርና ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ራሱ ይለቃል። መድኃኒቱ ዕረፍት፣ ውሃ፣ ቀለል ያለ ምግብ ነው። አልኮል አይሆንም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደ ባሰ ከፍታ አትውሰዱት። «አየር ይቀይርላት» ተብሎ እንጦጦ መውሰድ ከባድ ስሕተት ነው፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የሆቴሉ ዘበኛ ከልቡ ነበር የመከረኝ፣ ግን አልሰማሁትም።

ተቅማጥና ትውከት ከሆነ ሌላው ነገር ሁሉ ቆይቶ ውሃው ይቅደም። መድኃኒት ቤት ሄዳችሁ ኦአርኤስ ግዙ፣ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ፣ ከሰውነት የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት ነው። ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ብዙውን ጊዜ አንዱ ፓኬት ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። የሁለት ሊትር ሃይላንድ ከሆነ የገዛችሁት ሁለት ፓኬት ያስፈልጋል። ሌሊት ሆኖ መድኃኒት ቤት ከተዘጋ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ልሙጥ ያልኩት ተቆልሎ እንዳይሆን ነው፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ደፍታችሁ አዲስ አዘጋጁ።

አሰጣጡም አለ። አክስቴ ጠምቷት ስለነበር አንድ ብርጭቆ በአንዴ ጠጣችው፣ ወዲያው መለሰችው። አሥር ደቂቃ ቆየን። ከዚያ በሻይ ማንኪያ ጀመርን። አንድ ማንኪያ፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ማንኪያ። ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ ሰዓት እያየሁ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና አፏን ብቻ እየከፈተች። አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለን ብርጭቆውን ጨረስነው። አልተመለሰም። ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ይሠራል።

ትኩሳት ካለ ደግሞ ከየት እንደመጣችሁ አስቡ። አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነች ወባ የሚያሠጋት ከተማ አይደለችም፣ ግን ከቆላ ይዛችሁት ልትመጡ ትችላላችሁ። ትንኝ ከነከሰች ከሳምንት በኋላ ሊነሣ ይችላል። ድሬዳዋና ጅቡቲ ላይ ደንጊ የሚባል በትንኝ የሚተላለፍ ትኩሳትም አለ። ስለዚህ ከቆላ የመጣ ሰው ካተኮሰው በዚያው ቀን የደም ምርመራ ያድርግ፣ ለሐኪሙም ከየት እንደመጣችሁ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። እስከዚያ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ አትስጡ፤ ደንጊ ከሆነ የመድማት አደጋ ያመጣሉ። ፓራሲታሞልም ልክ አለው። ለአዋቂ የ500 ሚሊ ግራሙ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ነው፣ በመሀሉ ስድስት ሰዓት ይቆይ፣ በ24 ሰዓት ከስምንት ፍሬ በፍጹም እንዳይበልጥ። የጉበት ሕመም ካለ ወይም ሰውየው በጣም ደካማ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይጠየቅ።

አንቲባዮቲክ በራሳችሁ አትግዙ። እኔ አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ «ሆዷን አሟት ነው» ከማለቴ፣ ዕድሜዋን እንኳ ሳይጠይቅ እንክብል ቆጥሮ ጠቀለለልኝ። አክስቴ የደም ግፊት ኪኒን ትወስዳለች። ያንን ማንም አልጠየቀኝም። እዚያው መልሼለት ወጣሁ። ሌላ መድኃኒት ቤት ያገኘኋት ልጅ ግን መጀመሪያ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለችኝ። እንደሷ ያለ ሰው ፈልጉ፤ ፒያሳ ላይ መድኃኒት ቤት ሞልቷል።

አሁን መውጣት የሌለባችሁን ልንገራችሁ። ጠብታ ውሃ እንኳ ሆዱ ውስጥ የማይቆይለት ሰው፣ ከግማሽ ቀን በላይ ሽንቱን ያልሸና፣ ሰገራው ደም ያለው፣ ደረቱን የሚያመው፣ ተኝቶም ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ንግግሩ የሚዘባረቅ ወይም ሲራመድ የሚንገዳገድ፣ አንገቱ የደረቀ፣ ትኩሳቱ በመድኃኒትም አልበርድ ያለ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ጉብኝት የሚባል ነገር የለም። ሐኪም ዘንድ ነው የሚኬደው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ የእሳትና አደጋ 939 ነው። ሁለቱንም አሁን ስልካችሁ ላይ መዝግቧቸው።

ቀለል ላለው ነገር ቅርብ ያለ ክሊኒክ ወይም ጤና ጣቢያ ይሻላል። ጥቁር አንበሳ ቸርችል ጎዳና ላይ ነው፣ ከፒያሳ ቅርብ ነው፣ ግን ከየአገሩ ከባድ በሽተኛ የሚላክበት ትልቅ ሆስፒታል ስለሆነ ለሆድ ቁርጠት የሚኬድበት አይደለም። ሲድስት ኪሎ የካቲት 12 ሆስፒታል አለ። በመስቀል አደባባይ በኩል ከሆናችሁ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሩቅ አይደለም። የትም ብትሄዱ መጀመሪያ ካርድ ማውጣት አለ፣ የታማሚውን መታወቂያና በእጅ የሚከፈል ገንዘብ ያዙ። የሚወስደው መድኃኒት ካለ ባዶ ማሸጊያውን ሳይቀር በፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

2. ክፍሉን አደራጁ

ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ወጥታችሁ ልባችሁ የሚያርፈው በዚህ ነው።

አልጋው አጠገብ፣ ሳይነሡ እጅ በሚደርስበት፣ ውሃ ይኑር። ክዳኑ ላላ ተደርጎ። የታመመ ሰው አዲስ ሃይላንድ መክፈት ያቅተዋል፣ አክስቴ ታግላ ትታው አገኘኋት። ትንሽ ባሊ ወይም ሳፋ ከሆቴሉ ለምኑና ከአልጋው ሥር አድርጉ። ሶፍት፣ ፎጣ፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ። የአዲስ አበባ ሌሊት ለቆላ ሰው ይበርዳል። ስልኩ ሙሉ ቻርጅ ይሁን፣ ካርድ ይሞላበት፣ መብራት ሊጠፋ ይችላልና። ውሃ የሚቋረጥበት ሆቴል ከሆነ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንድ ባልዲ ውሃ ሞልታችሁ ውጡ። ተቅማጥ ላለበት ሰው ይሄ ቅንጦት አይደለም።

ክፍሉ ፎቅ ላይ ከሆነና ሊፍት ከሌለ ወደ ታች እንዲቀይሩላችሁ ጠይቁ። ምክንያቱን ከተናገራችሁ አብዛኛው ሆቴል እምቢ አይልም።

በሩን ከውጭ ቆልፋችሁ አትሂዱ። እኔ በመጀመሪያው ቀን በልማድ ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። አውራ ጎዳናው ላይ ደርሼ ነው ትዝ ያለኝ። ያቺ ሴት አንድ ነገር ብትሆን ማን ይገባላታል? እየሮጥኩ ተመለስኩ። ቁልፉ ከውስጥ ይሁን፣ ሪሴፕሽን ላይ ደግሞ ትርፍ ቁልፍ መኖሩን አረጋግጡ።

ለሪሴፕሽኗ ወይም ክፍል ለምታጸዳው ሴት ስማችሁንና ስልካችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። «አክስቴ አሟት ተኝታለች፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንዴ አንኳኩተው ይጠይቁልኝ» በሉ። የእኛ ሰው በዚህ በኩል የታደለ ነው። ያቺ የምታጸዳው ሴት ሳልጠይቃት አጥሚት ከቤቷ በፔርሙዝ አምጥታላታለች። «እግዜር ይማርዎት እማማ» ብላ ቀድታ ሰጠቻት። አክስቴ ከሁለት ቀን በኋላ ሆዷ ውስጥ የቆየላት የመጀመሪያው ምግብ እሱ ነው።

ስለ ምግብ ካነሣን፣ ነጭ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ ደረቅ ዳቦ፣ የአጃ አጥሚት፣ በርበሬ የሌለበት ሾርባ። ሆቴሎች «አልጫ» ስትሏቸው ቅባት ያበዙበታል፣ «ያለ ዘይት፣ ያለ ቅቤ» ብላችሁ ተናገሩ። ክትፎና ጥሬ ወተት ይቆይ። አምቦ ውሃ «ሆድ ያጥባል» እያሉ ያመጡላችኋል፣ ጋዙ ሆድ ይነፋል፣ እኔ አልሰጠኋትም።

እናንተም ተጠንቀቁ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ብርጭቆና ማንኪያ ለዩ። ሁለታችሁም ከተኛችሁ ማን ያስታምማል?

3. ሰዓት ቁረጡ

ከመውጣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። የት እንደምትሄዱ፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ። «ትንሽ ቆይቼ እመጣለሁ» አይበቃም። «አምስት ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳለሁ» በሉ። አምስት ሰዓት ካላችሁ አምስት ሰዓት ነው። የተኛ ሰው ሌላ ሥራ ስለሌለው ሰዓት ይቆጥራል። አሥር ደቂቃ ስትዘገዩ የሚያስበውን አትጠይቁኝ።

የመጀመሪያው መውጣት ከ40 ደቂቃ አይብለጥ። ደህና ከሆነ ሁለተኛው ሁለት ሰዓት ይሁን። ከሁለት ሰዓት በላይ አልሄድኩም፣ እንድትሄዱም አልመክርም። በመሀል አንድ ጊዜ መልእክት ላኩ። አትደውሉ፣ እንቅልፍ ወስዷቸው ሊሆን ይችላል። ስልካችሁን ደግሞ ሳይለንት አታድርጉ። ሙዚየም ውስጥ አሳፋሪ ከሆነ ንዝረት ላይ አድርጋችሁ በእጃችሁ ያዙት። አንድ ጊዜ ሳይለንት ላይ ረስቼው ሦስት ጊዜ ደውላ አላነሣሁም። የፈለገችው ሶፍት ነበር። ቢሆንም ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ሰምቻለሁ።

ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ያለው ምርጥ ነው። ክረምት ከሆነ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አለ፣ ጃንጥላ ያዙ። ሥራ መውጫ ላይ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ፣ መንገዱ ስለሚዘጋጋ በመኪና ሩቅ ሄዳችሁ በሰዓቱ እመለሳለሁ ብላችሁ ቃል አትግቡ።

4. ዙሮቹ

ፒያሳ ማረፍ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ሁሉም ነገር ዙሪያውን ነው። አንዱን ዙር ጨርሶ መመለስ ይቻላል።

የ40 ደቂቃው ዙር ጊዮርጊስ ነው። ከምኒልክ አደባባይ አጠገብ ነው፣ በእግር። ካቴድራሉ ስምንት ማዕዘን ነው፣ ከዓድዋ ድል ጋር የተያያዘ ነው፤ በ1888 የጊዮርጊስ ታቦት አብሮ ዘምቷል። ንግሥት ዘውዲቱም ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው፣ ዐፄው ጥቅምት 23 ቀን 1923። ውጭ አደባባዩ ላይ ፈረስ ላይ ያለው የምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በዚያ ንግሥ ዋዜማ ነው። ጣሊያን ሲገባ ነቅሎት ነበር፣ ከነፃነት በኋላ ተመለሰ። ከአደባባዩ አጠገብ ደግሞ የካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። እሱን ውስጡን ለማየት ሰፊ ሰዓት ስለሚፈልግ በመጀመሪያው ቀን ከውጭ ብቻ እዩት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ፒያሳን ድሮ የሚያውቅ ሰው የነገራችሁን ምልክት ይዛችሁ አትሂዱ። በ2016 ብዙው አሮጌ ቤት ፈርሷል፣ መንገዱ ሰፍቷል። አክስቴ «ከወርቅ ቤቶቹ ታጠፍ» አለችኝ፣ ታጥፌ ያገኘሁት ሰፊ የእግር መንገድና አዲስ የተተከለ ሣር ነው። ፎቶ አንሥቼ ሳሳያት ዝም ብላ ብዙ ቆየች። ጣይቱ ሆቴል ግን አለ። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል ነው፣ ጥር 2007 ላይ ከፊሉ ተቃጥሎ ነበር።

ሁለተኛው ዙር ቸርችል ጎዳና ነው። ከማዘጋጃ ቤት ጀምራችሁ ቁልቁል ወደ ለገሀር ውረዱ። ቁልቁል ስለሆነ አይደክምም፣ ሽቅቡን ግን በታክሲ ተመለሱ። ለከፍታው ያልለመዳችሁ ከሆናችሁ እናንተም ትንፋሽ ያጥራችኋል። ከመውረዳችሁ በፊት የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት እዩ። ፋሺስቶች በጥይት የገደሏቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ነው። ወረድ ሲባል ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል መድፍ ምስል አለ፣ ከዚያ በጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት የትግላችን ሐውልት፣ ዝቅ ብሎ ብሔራዊ ቴአትርና ከፊቱ ያለው የድንጋይ አንበሳ። አንበሳው የተሠራው ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ 25ኛ ዓመት የንግሥ በዓል ነው።

ቡና ከፈለጋችሁ ቶሞካ በዚሁ ሰፈር ነው፣ በ1940ዎቹ የተከፈተ፣ ቆሞ የሚጠጣበት። እኔ ጠጥቼ ለአክስቴ የተፈጨ ገዛሁላት፣ ደስ ይላት ብዬ። በሩን ስከፍት ሽታው ገባ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ባሊውን አለችኝ። ቡናውን ሦስት ቀን ሪሴፕሽን አስቀመጡልኝ። ለሚያቅለሸልሸው ሰው ሽታ ያለው ነገር ይዛችሁ አትግቡ፤ ቡናም፣ ሽቶም፣ ጥብስ የበላችሁበት ጃኬትም።

ለገሀር ስትደርሱ ትንሽ ቁሙ። ስሙ ከፈረንሳይኛ «ላ ጋር» የመጣ ነው፣ ባቡር ጣቢያ ማለት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው፣ 784 ኪሎ ሜትር አቋርጦ። ዛሬ ባቡር አይገባበትም። አዲሱ ባቡር የሚያወርደው ዳር ላይ፣ ፉሪ ለቡ ነው። አክስቴ ለገሀር የምትወርድ መስሏት ለቡ ላይ ስትወርድ ግራ ገብቷት ነበር።

ሦስተኛው ዙር ወደ ኪሎዎቹ ነው። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ሚኒባስ አይጠፋም። አራት ኪሎ ላይ የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት አለ። ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከዚያ ሩቅ አይደለም፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዐፅም በ1993 ያረፈው እዚያ ነው፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ የተሟገተችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስትም ግቢው ውስጥ ተቀብራለች። ቤተ መንግሥቱ አካባቢ ወታደርና አጥር ፎቶ አታንሡ፤ ተይዛችሁ ስትጠየቁ ቃል የገባችሁበት ሰዓት ያልፋል። ከዚያ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም። ሁለት ሰዓት ብቻ ካላችሁ ሌላውን ትታችሁ ወደ ድንቅነሽ ውረዱ። ሐዳር ላይ የተገኘችው በኅዳር 1967 ነው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ቆማ የምትታየዋ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙ አይበልጥም። እኔ ከጎኗ ቆሜ ወገቤ ጋ ለካሁና ለአክስቴ «የመቅደስ ልጅ ታክላለች» ብዬ ጻፍኩላት። መቅደስ የእኔ እህት ናት። ወዲያው ገባት። ጊዜ ከተረፋችሁ ሲድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት አለ፣ በ1929 ለተጨፈጨፉት።

አራተኛው መስቀል አደባባይ ነው። እዚያ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ። ግን ልባችሁ በታመመው ሰው ላይ ተንጠልጥሎ አትግቡበት። ፎቶዎቹ፣ የሟቾቹ ልብስ፣ ዐፅሙ ሁሉ ከባድ ነው። እኔ ደጃፉ ድረስ ደርሼ ለሌላ ቀን አቆየሁት። በምትኩ ወደ አፍሪካ አዳራሽ በኩል ተጓዝኩ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 የተመሠረተበት ነው፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥራ ውስጡ አለ። ለመግባት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ይሻላል።

የመመለሻ ነገር፦ ሰዓት ካጠረባችሁ በስልክ በሚጠሩት ታክሲዎች፣ በ«ራይድ» ወይም በ«ፈረስ»፣ ተመለሱ። ቀላል ባቡሩን ለመመለሻ አትተማመኑበት፣ መጠበቁ ይረዝማል። ሚኒባስ ውስጥ ስልካችሁን ከፊት ኪስ ያዙ፣ ግፊያ ያለበት ቦታ ሌባ አይጠፋም። ስልክ ከተሰረቃችሁ የታመመው ሰው እናንተን የሚያገኝበት መንገድ አለቀ ማለት ነው፤ ለዚህ ነው የሆቴሉን ቁጥር በወረቀትም ጽፋችሁ ጫማችሁ ውስጥም ቢሆን መያዝ ያለባችሁ።

5. ከተማውን ይዛችሁ ግቡ

ፎቶ መቶ አታሳዩ። ራሱን ለሚያመው ሰው ስልክ ላይ ማፍጠጥ ያደክመዋል። ድምፅ ቅዱ። እኔ ጊዮርጊስ ግቢ ዛፍ ሥር ቆሜ አራት ደቂቃ ቀዳሁ። ደወሉ፣ የሚጸልዩት ሴቶች ማጉረምረም፣ ርግቦቹ፣ ከአጥሩ ውጭ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» የሚለው ረዳት። ክፍሉን አጨልሜ ስልኩን ትራሷ ላይ አደረግሁላት። ሁለት ጊዜ አሰማኝ አለች። በሁለተኛው እንቅልፍ ወሰዳት።

አንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ንገሩ። ያያችሁትን ሁሉ ብትዘረዝሩ «አመለጠኝ» ነው የሚሆነው። የሷን ዝርዝር ከኪሴ አውጥቼ «ለገሀርን አላየሁትም፣ አብረን ነው» እላት ነበር። ቸርችልን ስወርድ ጣቢያውን አይቼዋለሁ፣ ግን ውስጡ አልገባሁም። አንድ ቦታ ለሁለታችሁ አስቀሩ።

6. ሲሻለው

ትኩሳት ከጠፋ፣ ትውከትና ተቅማጥ ከቆመ፣ ሙሉ ቀን ምግብ ከቆየለት መውጣት ይቻላል። ግን በእግር አይደለም። መኪና ጥሩ፣ አንድ ቦታ ሂዱ፣ የሚቀመጡበት ይኑር፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አትቆዩ። ውሃና ፌስታል ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ፀሐዩ ደጋ ስለሆነ ይከብዳል፣ ኮፍያ ወይም ነጠላ ራስ ላይ ጣል ይደረግ። ረጅም የአውቶብስ ጉዞ ካለባችሁ አንድ ቀን አራዝሙት፤ ትኬት መቀየር መንገድ ላይ ከመታመም ይቀላል።

እኛ በአምስተኛው ቀን ለገሀር ሄድን። መኪናው በሩ ድረስ አደረሰን። አንድ ጥበቃ ፕላስቲክ ወንበር አምጥቶ ሰጣት፣ ጣቢያው ፊት ለፊት አስቀመጥኳት። አሮጌውን ሕንፃ እያየች ኦአርኤሷን በጠርሙስ ትጎነጫለች። «እናቴ የቆመችው እዚያ ጋ ነበር» አለችኝ በእጇ እያሳየች። ሃያ ደቂቃ ተቀመጠች። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ፣ ደግፌ አስነሣኋት፣ ወንበሩን ለጥበቃው መለስኩና ታክሲ ጠራሁ።